የአባባ እንጨት አይለካም

እኔ ስናደድ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። «ሚስማር» የሚል ስም የወጣልኝም በዚሁ ነው፤ አናጺ የአናጺ ልጅ ስለሆንኩ የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ዛሬ የምነግራችሁ ግን መናገር ሲገባኝ ዝም ስላልኩበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በዕድሜዬ አንዴ ነው የገጠመኝ፤ እሱም ጉድ ሊሠራኝ ነበር።

በእንጨት ሥራ ቤታችን አንድ ሕግ ነበረ፦ አባባ በቆረጠው እንጨት ላይ ማንም ሰው ሜትር አያሳርፍም። ሕጉን አባባ አላወጣውም። እኔ ልጅ ሳለሁ አባባ አንድ ሠራተኛ እሱ የቆረጠውን የበር መቃን ደግሞ ሲለካ ያየዋል። አባባ ኮቱን አንስቶ ወደ ቤት ሄደ፤ ሦስት ቀንም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የአባባን እንጨት መለካት አባባን እንደ መስደብ ሆነ። ደግሞም ለምን ይለካል? አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልሳተም።

አምና አባባ ሁላችንንም ሰብስቦ ደከመኝ አለ። ሁላችን ስል ሦስት ነን፦ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ጋሽ ዝምታ። ወንድሜ በማታው ክፍል የሥራ አመራር ተምሮ የጨረሰ ሰው ነው፤ «ምሁሩ» እንለዋለን፣ እሱም ስድብ መሆኑ አይገባውም። ጋሽ ዝምታ ከአባባ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ ገጣጣሚ ናቸው። በቀን አምስት ቃል ከተናገሩ ብዙ ነው።

«ቤቱን ለመኪና ዕቃ መሸጫ የሚፈልገው ሰው አለ» አለ አባባ፣ ከኮላው ቆርቆሮ ላይ የደረቀውን በጥፍሩ እየፈቀፈቀ። «ማከራየቱ ይቀላል። ግን እቺ» በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ፤ «ሥራው ይቀጥል ትላለች። እንግዲያው የትምህርት ቤቱን ትዕዛዝ አንቺ ምሪው። በቀኑና በልኩ ካስረከብሽ ቁልፉ ያንቺ ነው። ካልሆነ አከራየዋለሁ፣ ኋላ እንዳታለቅሺብኝ።»

ትዕዛዙ ዘጠና የልጆች ወንበር ነበር። ለአንደኛ ክፍል፣ ቁመቱ ከመሬት እስከ መቀመጫው ሠላሳ ሳንቲሜትር። ጊዜው ሦስት ሳምንት፤ ርክክቡ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ርዕሰ መምህሯ ለወላጆች ቃል ስለገቡ አንድ ቀን እንኳ እንደማያሳልፉ አስጠንቅቀውናል። እኔ ደግሞ ያንን ቁልፍ እንዴት እንደምፈልገው ልነግራችሁ አልችልም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሰጋቱራ ስጠርግ ያደግኩበት ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ሰው የመኪና ጎማ ሲደረድር ማየት ለእኔ ሞት ነው።

ምሁሩ በማግስቱ የአልጋ አንሶላ የሚያህል ወረቀት ይዞ መጣና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ተሰምሮበታል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ዕቅድ ነዋ! ማን፣ ምን፣ መቼ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል የሚባለው?»

«እኛ እኮ ያለ ወረቀት ነው አርባ ዓመት የሠራነው።»

«አርባ ዓመት ሙሉስ መቼ በቀኑ አስረክበን እናውቃለን?»

እውነቱን ነው። የአንዲት ሙሽራ አልጋ የደረሰላት ለመጀመሪያ ልጇ ክርስትና ሊጠሩን ሲመጡ ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ሥራውን ተከፋፈልን። አባባ እግሮቹን ይቆርጣል፤ «እግር የእኔ ነው» ስላለ ክርክር አልነበረም። እኔ መቀመጫና መደገፊያ፣ ጋሽ ዝምታ መግጠም፣ ምሁሩ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት መምታት፣ ቀለም መቀባትና ከእያንዳንዱ ወንበር ሥር ተራ ቁጥር መጻፍ። በቀን አምስት ወንበር። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ቁጥጥር» የሚል አረንጓዴ ሣጥን ነበረ። ምሁሩ እርሳሱን እዚያ ላይ አቁሞ፣ «እያንዳንዱ ሥራ ወደ ቀጣዩ ሰው ከመሄዱ በፊት ይለካል። መቀመጫው፣ መደገፊያው፣ እግሩ...» አለ።

«እግሩ?» አልኩ።

«እግሩ።»

ዞር ብዬ አባባን አየሁት። መጋዙን እየሳለ ነው፤ የሰማም አልመሰለ። ወንድሜን በክንዱ ይዤ ወደ ደጅ አወጣሁት።

«አብደሃል? የአባባን እንጨት ልትለካ?»

«እትዬ፣ ቁጥጥር እኮ ሰው አይመርጥም።»

«በእኔ ሥራ ቤት ይመርጣል! ኮቱን ለብሶ ቢሄድ ማን ይመልስልኛል? እግሩ አይለካም፣ አለቀ!»

ውሳኔው የእኔ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ምሁሩ ትከሻውን ነቅንቆ ገባና ከሣጥኑ ውስጥ «እግር» የሚለውን ሰረዘው። የመጀመሪያውን እግር ብቻ አባባ ራሱ ጠርቶኝ አብረን ለካነው፤ ሠላሳ ሆነ። ከዚያ በኋላ የምንቆጣጠረው ቁጥሩን ብቻ ነበር። ማታ ማታ ከመዝጋታችን በፊት አምስት ወንበር መቁጠር፣ አምስት ምልክት ማድረግ።

እውነቱን ልናገርና ወረቀቱ ሠራ! በሦስተኛው ቀን ሥራው ጋሽ ዝምታ ዘንድ ተከመረ፤ ለካ ያለን ሞርሳ ስድስት ብቻ ነው፣ ኮላው እስኪደርቅ ወንበሩን አጥብቆ የሚይዝልን ሌላ ነገር የለም። እኔ ተጨማሪ ሞርሳ ይገዛ አልኩ። ምሁሩ ደብተር አውጥቶ ማስላት ጀመረ። ጋሽ ዝምታ ግን ሁለታችንንም ዝም ብለው አይተው ከቁርጥራጩ ክምር እንጨት አነሱ፤ በገመድና በሽብልቅ ማጥበቂያ ሠርተው በአንድ ጠዋት አሥር አደረሱልን። ዝም አይነቅዝም ማለት እንዲህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ውሃ ፈሰሰልን። እኔ እንኳ ጠዋት ስገባ አስቀድሜ ወረቀቱን ማየት ለመድኩ፤ ምሁሩ እንዳያውቅብኝ ግን በጎን ነበር የማየው።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ርክክቡ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዘጠናኛው ወንበር አለቀ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወንበሮቹን ግቢ አውጥተን በተራ ቁጥራቸው በአንድ ረጅም መስመር ደረደርናቸው፤ ምሁሩ ፎቶ ሊያነሳ ፈልጎ ነው። ከመስመሩ ጫፍ ላይ በርከክ ብሎ ስልኩን ደቀነ። ከዚያ ስልኩን አወረደው።

«እትዬ፣ እስቲ ነይ።»

«ምን ሆንክ?»

«ነይና ከዚህ ሆነሽ እዪ።»

አጠገቡ በርከክ ብዬ አየሁ። መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። ደረጃ ነው! መሬቱ ነው ብዬ ግቢውን አየሁት፤ ለጥ ያለ ሲሚንቶ ነው፣ ውሃ እንኳ የማይፈስበት። ሜትሬን አውጥቼ ሮጥኩ። አንደኛው ወንበር ሠላሳ። ሠላሳኛው ሠላሳ ሦስት። ስልሳኛው ሠላሳ ስድስት። ዘጠናኛው ሠላሳ ዘጠኝ! እያንዳንዱ ወንበር አራት እግሩ እኩል ስለሆነ አይወላገድም፤ ከጎረቤቱም የሚበልጠው በአንድ ሚሊሜትር ስለሆነ ዓይን አይይዘውም። ግን አንድ ሚሊ ዘጠና ጊዜ ሲደመር ዘጠኝ ሳንቲሜትር ነው።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አባባ በሜትር አልለካም። የጨረሰውን እግር ለቀጣዩ ወንበር አንድ ላይ በታሰሩት አራት እንጨቶች ላይ አስተኝቶ፣ በእርሳስ አስምሮ አራቱንም በአንዴ ነው የቆረጠው። ቀጣዩን ደግሞ በዚያኛው፤ ቀጣዩን ደግሞ በዚያኛው። የእርሳሱ ውፍረት በእያንዳንዱ ላይ ሲጨመር ከረመ። ይህን ገና ሥራ የጀመረ ሰው አይሳሳተውም። እኔን ራሴን በዘጠኝ ዓመቴ «ከቅጂ ላይ አትቅጂ» እያለ ጣቴን የመታኝ እሱ ነው!

ደሜ ፈላ። ልጮህ አፌን ስከፍት አባባ ከውስጥ ወጣ። እጁን በሱሪው እየጠረገ የመስመሩ ጫፍ ላይ፣ ምሁሩ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ቀጥ ብሏል» አለ። «እንደ ክር። ደስ ሲል!»

ንዴቴ በአንዴ ጠፋ። ሜትሩን ዘርግቼ ወደ እሱ ሄድኩና ጣቴን አንድ ቁጥር ላይ አድርጌ፣ «አባባ፣ ይህን እስቲ አንብብልኝ፣ ዓይኔ ደከመ መሰለኝ» አልኩት።

ሜትሩን ወሰደ፣ አራቀው፣ አቀረበው።

«መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» አለ።

አባባ በዕድሜው መነጽር ኖሮት አያውቅም።

«ይሁን፣ ግድ የለም» ብዬ ሜትሩን ጠቀለልኩ። ሚስማር ተብዬዋ፣ ያን ቀን እንደ ሰም ቀለጥኩ። አባባ ወንበሮቹን አንዴ በፍቅር አይቶ ወደ ቤት ሲሄድ ሦስታችን ግቢው ውስጥ ቀረን።

«እንቁረጣቸው?» አለ ምሁሩ።

ጋሽ ዝምታ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። እግሮቹን የሚያያይዘውን አግዳሚ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ አድርገው ነው የገጠሙት፤ ከግማሽ በላይ ያሉትን ብንቆርጥ አግዳሚው መሬት ሊነካ ነው። አዲስ ለመሥራት ደግሞ በሦስት ቀን አሥራ አምስት ወንበር ቢደርስልን ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

«ቀላቅለን ብናስገባቸውስ?» አለ ምሁሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጆች ናቸው፣ ማን ይለካል?»

ጋሽ ዝምታ አፋቸውን ከፈቱ። «ነውር ነው» አሉ። ሁለት ቃል፤ ከቀኑ ኮታቸው ላይ ለዚህ ስላወጡት አከበርኩት። «ነገ ትምህርት ቤት ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ» አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ከሚጠራብኝ እኔው ባጠራው ይሻላል።

ዓርብ ጠዋት ከምሁሩ ጋር ሄድን። ርዕሰ መምህሯ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ ኮሪደር ላይ ጠበቅናቸው። ከፊት ለፊታችን የአራተኛ ክፍል በር ተከፍቷል። አንድ ረጅም ልጅ ጉልበቱ ከጆሮው እኩል ሆኖ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ከጎኑ ያለችው ደግሞ እግሯን መንገድ ላይ ዘርግታ መምህሩ በዘለለ ቁጥር ይቅርታ ትላለች። የተቀመጡበት ወንበር የአንደኛ ክፍል ነው፤ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ልክ ተገዝቶ ነበር ማለት ነው። ዓይኔ ያንን አየ፤ ጭንቅላቴ ግን ገና አልደረሰበትም ነበር።

ርዕሰ መምህሯ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ግን ግቢውን የሚሞላ ሴት ናቸው። ቢሯቸው ገብተን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ «ስህተቱ የእኔ ነው፣ መለካት ሲገባኝ አልለካሁም» አልኩ። የአባባን ስም አላነሳሁም።

«እኔ ያዘዝኩት ዘጠና ወንበር በሠላሳ ነው» አሉ። «ሠላሳ ዘጠኝ ምን ያደርግልኛል? ሰኞ ወላጆች ሲመጡ ደረጃ ላሳያቸው?»

«ልክ ነዎት፣ ግን የእርስዎ አራተኛ ክፍሎች...»

«እኔ ስለ አራተኛ ክፍል አልጠየቅኩም። ልክ ማለት አንድ ነው።»

እንግዲህ አፌ ቀደመኝ። «ልክማ አንድ አይደለም!» አልኩ ከመቀመጫዬ ተነስቼ። «ልጆችዎ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየመታ ነው የሚማሩት! እርስዎ ራስዎ እግርዎ መሬት አይነካም!»

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ከጠረጴዛው ሥር የርዕሰ መምህሯ ሁለት ጫማዎች ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ተንጠልጥለው ነበር። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩዋቸው። እኔ ደግሞ ቁልፉን፣ ቤቱን፣ ሁሉንም ነገር በዓይኔ ተሰናበትኩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ወንበር ተቀምጫለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ወገቤን ነው የገደለኝ። ሰኞ ሁሉንም አምጡ። ልጆቹን አስቀምጠን እናያለን። እግሩ መሬት ነክቶ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ የታጠፈለት ልጅ ሁሉ ወንበሩን ይወስዳል። የተረፈውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።»

ሰኞ አባባም አብሮን መጣ። ስለ እግሮቹ የነገረው ሰው የለም፤ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋቸው። ለርዕሰ መምህሯ የነገርኩትን ለገዛ አባቴ መንገር አቃተኝ።

ልጆቹ ተሰለፉ፤ ምሁሩ በወረቀት፣ እኔ በሜትር፣ ጋሽ ዝምታ በዓይናቸው ብቻ እያስቀመጥናቸው ሄድን። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ከአንደኛ ክፍሎቹ ሰማንያ ዘጠኝ ልጆች ሠላሳዎቹ ከዝቅተኞቹ አዲሶች ወሰዱ። ሃምሳ ዘጠኙ ከፍ ያሉት አዲሶች ወደ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ወጡ፤ እዚያ የነበሩት አጫጭር አሮጌ ወንበሮች ደግሞ ለቀሩት ሃምሳ ዘጠኝ ትንንሾች ወረዱ። ያ ጉልበቱ ጆሮው ጋ የነበረው ልጅ ሰማንያ ስምንተኛው ላይ ተቀምጦ እግሩን ወለሉ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገና «እሰይ!» አለ። ዘጠናኛው ለማንም አልሆነም። ርዕሰ መምህሯ ተቀመጡበት፣ እግራቸው መሬት ነካ፣ አንስተው ወደ ቢሯቸው ወሰዱት። ከዚያ ርክክቡን ፈርመው ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት መቶ ወንበር በአምስት ልክ አዘዙን።

«ይሄ የንግድ ስልት ይባላል!» አለኝ ምሁሩ በጆሮዬ። «ሌላው አንድ ልክ ሲሸጥ እኛ አምስት!»

«ይሄ ስህተት ነው የሚባለው፣ ወንድምዓለም» አልኩት። «ከእንግዲህ አውቀን ስንሠራው ስልት በለው።»

አባባን ስፈልገው ከሦስተኛ ክፍል ግድግዳ ጥግ አገኘሁት። ሁለት ወንበሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ መዳፉን ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው ያንሸራትታል። ዓይኑ ያላየውን እጁ አገኘው። ቀና ብሎ አላየኝም። ሥራ ቤቱ እንደ ደረስን ኮቱን ለበሰና ሄደ።

ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣ። ወረቀቱ ላይ ያለውን የመጨረሻ አረንጓዴ ሣጥን ሞላሁት፤ ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነበር። «ቤቱን ሊያከራይ ነው» አልኩ። ጋሽ ዝምታ፣ «ይመጣል» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት መጣ። ደረት ኪሱ ውስጥ አዲስ መነጽር አለ። ግድግዳው ጋ ሄዶ መነጽሩን አደረገና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ «ይህን የዶሮ ጭረት የጻፈው ማነው?» ሲል እኔና ምሁሩ እርስ በርስ ተጠቋቆምን። ከዚያ ጣቱ ከአረንጓዴው ሣጥን ውስጥ የተሰረዘው ቃል ላይ ቆመ።

«እግርን ማን ሰረዘው?»

«እኔ» አልኩ።

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

ራሱን ነቀነቀ። መነጽሩን አወለቀና መልሶ ኪሱ ከተተው። እንጨት አነሳ፣ ልኩ ሠላሳ የሆነ አሮጌ እግር በላዩ አስተኝቶ በእርሳስ አሰመረ፣ በመጋዝ ቆረጠው፣ አራገፈው። በሁለት እጁ ወደ እኔ ዘረጋው።

«ሠላሳ ነው» አለ። «ለኪው።»

ጋሽ ዝምታ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ምሁሩ ብርጭቆ ወረቀቱን አቆመ። ሜትሬን አወጣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ እያየ ብቻዬን የአባባን እንጨት ለካሁ። አንዴ፣ ከዚያ ደግሜ። ሠላሳ ነው ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ሦስቱም ሰዎች ይጠብቁኛል። የአባባን ዓይን አየሁት።

«አባባ» አልኩ፤ «አንድ ሚሊ ይተርፋል።»

ከዚያ አባባ ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። እግሩን ከእጄ ተቀብሎ ቁርጥራጩ ክምር ላይ ወረወረው። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረውና በላዩ ላይ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ።

«በይ፣ ወረቀቱ ላይ እግርን መልሰሽ ጻፊው» አለ፤ መነጽሩንም አድርጎ ወደ መጋዙ ሄደ።